የመኪያ ኪኒኖች

ገርጂ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈዲላ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እዚህ ከጭቃው በቀር ደህና ነን። የገርጂን ጭቃ ስለምታውቂው አላወራልሽም፤ ባለታክሲው ዛሬም ከመገናኛ ጭኖን ይነሣና ግማሽ መንገድ ላይ «ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ» ይላል። ሾፌር ስለሆንኩ አልፈርድበትም፤ ክራንች ስለያዝኩ ግን እረግመዋለሁ።

ለእማዬ «ለወይዘሮ መኪያ» ብለሽ የላክሽውን ሳጥን መንገደኛው ዱባለ እሁድ ዕለት አምጥቶልናል። ሁለት መቶው ኪኒን አንድም ሳይጎድል ገብቷል። እማዬ «ልጄ ከበረዶ አገር ሆና ወገቤን አሰበችልኝ» ብላ መርቃሻለች፤ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ ግማሹን ለሚቀጥለው ደብዳቤ አስቀምጬዋለሁ። እንዳዘዝሽው በቀን ሦስት እየቆጠርኩ እሰጣታለሁ። ፊደል ስላልቆጠረች ሳጥኑን የምይዘው እኔ ነኝ። «እማዬ ሕመሙ እንዴት ነው?» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

በፖስት ካርዱ ጀርባ ስለ እግሬ ጠይቀሻል። ጭኔ ገጥሟል፤ ብረቱ ብርድ ሲሆን እዚህ ነኝ ይላል እንጂ ሌላ የለውም። ሃይደር ደግሞ፣ ጣርማ በር ላይ መኪናው ሲገለበጥ አብሮኝ የነበረው ሁለተኛ ሾፌሬ፣ ከእኔ የባሰ ተሰብሮ ይኸው የአሰብን መንገድ ከያዘ ሦስት ወሩ ነው። ሁለት ወር አንድ ክፍል ተኝተን አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ስንወጋ ከረምን። እሱ መርፌውን «ያጥወለውለኛል» እያለ ይሸሸው ነበር፤ እኔ ግን ነርሷ ስትመጣ ገና ከኮሪደሩ በእግሯ ድምፅ አውቃት ነበር። የመኪናው ባለቤት መሪውን መቼ ትይዛለህ ይለኛል። ይደርሳል እለዋለሁ።

ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት አንድ ሳምንት ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬ እንደ ቦኖ ውሃ፣ ያዛጋኛል፣ ቆዳዬ እንደ ተነጨ ዶሮ ይሆናል። አሁን ለቆኛል።

አይጦችሽ እንዴት ናቸው? እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ናት» ነው የምትለው። የአይጥ መሆንሽን አልነገርኩብሽም።

የሚቀጥለውን ሳጥን ብታፈጥኚው ደስ ይለኛል፤ ለእማዬ።

ወንድምሽ ዓብዱ


ኡፕሳላ፣ ኅዳር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ዓብዱ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። እዚህ ቀኑን የሚቆጥሩት በራሳቸው ነው፤ እኔ ግን ላንተ ስጽፍ በኛ እቆጥራለሁ፤ አለበለዚያ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመስለኛል።

ከቤተሰቡ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ስለሆንክ ሳላሳጥር ልመልስልህ። አይጦቹ ትንሽ ፔዳል አላቸው። ሲጫኑት የሞርፊን ጠብታ በቀጭን ቱቦ ወደ ደማቸው ይገባል። ሁሉም ይቀምሱታል። አብዛኞቹ ጥቂት ጊዜ ተጭነውት ወደ ምግባቸውና ወደ ጓደኞቻቸው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ከፔዳሉ አይነሱም፤ ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ ይከሳሉ። የሚገርመው ደግሞ እነዚህና እነዚያ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ዥንጉርጉርነቱ አንጎላቸው ውስጥ የቱ ጋ እንደሆነ ለመፈለግ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ከጥያቄው ያንሳል።

እማዬን የሆነ ነገር በደንብ ጠይቃት። ወገቧን ነው ወይስ ዳሌዋን? ስትቀመጥ ነው ስትነሳ? አሁንም ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው? አልሐምዱሊላህ ማለቷ ደስ ብሎኛል፤ መድኃኒቱ እየረዳት ነው ማለት ነው። ኪኒኑን የጻፈችልኝ ሐኪም ጓደኛዬም እንዲህ ስላት ደስ አላት።

መንዳት ያልጀመርከው በእግርህ ምክንያት ነው? ሳጥን ቁጥር አራትን ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ።

እህትህ ፈዲላ


ገርጂ፣ የካቲት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈዲላ፤

እንኳን ለዒድ አል ፈጥር በሰላም አደረሰሽ። ብቻዬን ምን ዒድ አለኝ ብለሽ እንደምትጽፊ ስለማውቅ ቀድሜ ልንገርሽ፤ የእማዬ ዱዓ ካለሽበት ይደርሳል፣ ቴምብርም አያስፈልገው።

ረመዳኑ ከበደኝ። ጉንፋኑ ዘንድሮ አዲስ ፀባይ አመጣ። ጠዋት ደህና እውላለሁ፤ ከዓስር ሰላት በኋላ ማዛጋት ይጀምረኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እግሬ አልጋ ላይ አላርፍ ይላል። ካፈጠርኩ በኋላ ትቶኝ ይሄዳል። እማዬ «ጾሙ ነው ልጄ» አለች። እኔም ጾሙ ነው አልኩ።

አራተኛውም ሳጥን አለቀ፤ አምስተኛውም ተጋምሷል። በአርባ ቀን ነው የሚያልቀው። ይገርምሻል፤ አለቀ ብዬ ካርቶኑን ልጥል ስል ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት አገኛለሁ። በረካ ያለው ሳጥን ነው የምትልኪው።

እማዬን ጠየቅኋት። «ወገብሽ ነው ዳሌሽ?» አልኳት፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ሰላቷን አዎ፣ ወንበር ላይ ሆና ነው።

ስለ መንዳቱ ለጠየቅሽው፣ ምክንያቱ እግሬ አይደለም። ወደ ሌላ ጨዋታ እንሂድ።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ያ ከፔዳሉ አልነሳም የሚለው አይጥ፣ ተነስቶ ያውቃል? ማለቴ እናንተ ሳታነሱት፣ ራሱ። ለነገሩ ሃይደር ነው ጠይቃት ያለኝ።

ወንድምሽ ዓብዱ


ኡፕሳላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም፤

ሃይደር እንዳልጠየቀ አውቃለሁ።

ትናንት ከሰኔ ጀምሮ የጻፍካቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ ዘረጋሁ። ለአይጦቹ እንደማደርገው ወረቀቱን በመስመር ከፈልኩና ባንድ በኩል ሳጥን ያለቀበትን ቀን፣ በሌላው ጉንፋን የያዘህን ቀን ጻፍኩ። አራቱም ጊዜ ሳጥኑ ባለቀ በሁለተኛው ቀን ታመሃል። አራቱም ጊዜ አዲስ ሳጥን ሲመጣ ድነሃል። በረመዳን ደግሞ ሳጥን እያለም ከቀትር በኋላ ታመሃል፤ ምክንያቱም በጾም ኪኒን አይዋጥም።

ማዛጋት፣ እንባ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የቆዳ መቆም፣ አልጋ ላይ የማያርፍ እግር። ዓብዱ፣ ኪኒኑ የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ይህ ደግሞ አይጦቹ ሞርፊን ሲቀርባቸው የሚሆኑት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስጽፍ የኖርኩት ነው። ያንተን ግን በሰላምታ መሃል ስላነበብኩት ሰላምታ መሰለኝ።

ሁለት መቶ ኪኒን በቀን ሦስት ሲሆን ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፤ አንተ ግን በአርባ ቀን አለቀ ትላለህ። ስንት እየዋጥክ ነው? አልቆጣህም፤ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።

ልልከው ያዘጋጀሁትን ሳጥን አስቀርቼዋለሁ። ለእማዬ እስክትነግራት አይመጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለው ራሷ ናት።

እህትህ ፈዲላ


ገርጂ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ፈዲላ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመስመር ከፍለሽ ስለጻፍሽኝ አመሰግናለሁ። ዱሮ ወንድም ነበረሽ፤ አሁን አንድ አይጥ ጨምረሻል።

አምስት ነው። ደስ አለሽ?

ሳጥኑን በማስቀረትሽ ጉዳት የለም። ላምበረት አካባቢ የማውቀው ድሬሰር አለ። የሆስፒታሉን ዓይነት መርፌ ያገኛል። ሰዓቴን ወደደው።

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ፣ አንዷ የተማረች አንዱ ሾፌር ብላ የምትኮራበትን ቤት በአንድ ቃል አላፈርስባትም። ኪኒን የለም ስላት «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደህና ናት።

ባለቤቱ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ቁልፉን አልከለከለኝም፤ እኔ ነኝ የመለስኩት። በዚህ ዓይኔ ጣርማ በርን መውረድ እንደማልችል አውቃለሁ። ይህንንም መስመር ላይ ጻፊው።

ዓብዱ


ኡፕሳላ፣ ግንቦት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓብዱ፤

አውፍ በለኝ። ሳጥኑን ማስቀረቴ ስህተት ነበር፤ ከኪኒን ወደ መርፌ የገፋሁህ እኔ ነኝ። አንድ ነገር በአንዴ ሲከለከል የሚሆነውን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ፤ አውቄም ነበር። ደንግጬ ነው።

ቁልፉን የመለስክበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም ነው የኮራሁብህ።

ያልጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ሃይደር ለምን ዳነ፣ አንተ ለምን አልዳንክም? ለአንድ ሾፌር በሚገባው ቋንቋ ልሞክር። አንጎል የራሱ የሕመም ማስታገሻ አለው፤ በገዛ እጁ የሚሠራው፣ ከሞርፊን ጋር በአንድ ቁልፍ የሚከፈት። ከውጭ ብዙ ሲመጣለት የራሱን መሥራት ይተዋል። መድኃኒቱ ፍሬን ነው እንበል። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ አንጎል መኪናው እንዳይቆምበት ነዳጁን ይጨምራል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። አሁን ፍሬኑን በድንገት ልቀቀው። ያ ማዛጋት፣ ያ እንባ፣ ያ የማያርፍ እግር የተለቀቀው ነዳጅ ነው። ስንፍና አይደለም፣ የኢማን ማነስም አይደለም። ግን እሱ በሁለት ሳምንት ያልፋል። የማያልፈው ሌላው ነው፤ ምኞት የሚባለው ክፍል የሳጥኑን ድምፅ፣ የክፍሉን ሽታ፣ የነርሷን እግር እንኳ መዝግቦ ያስቀምጣል። አንተ ገና ዱሮ ነግረኸኛል፤ ነርሷን በእግሯ ድምፅ አውቃት ነበር ብለህ። ሃይደር አላወቃትም።

አንዱ ለምን ይመዘግባል፣ ሌላው ለምን አይመዘግብም? ሙሉ መልስ የለኝም። ከዘር የሚመጣ አለ። ሌላም አለ። እዚህ አንዳንዶቹን አይጦች ገና ጡት ሳይጥሉ ከእናታቸው ለጥቂት ሰዓት እንለያቸዋለን። ሲያድጉ ምንም አይለዩም፤ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ፔዳሉን ስናስገባ ነው የሚለዩት። አብዝተው የሚጫኑት እነሱ ናቸው።

በ1966 እኔ በእማዬ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ከወረባቦ እስከ ሐይቅ ስትሄድ አላወረደችኝም። አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ አባባ ሲሞት «ወንዱ ይችላል» ተብለህ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ደሴ መጠለያ አራት ወር ብቻህን ቆየህ። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አውርተህልኝ አታውቅም። ዓብዱ፣ አንተ ከእኔ ደካማ ሆነህ አይደለም፤ አንድ ሰው ከጀርባ መውረድ ነበረበት፤ አንተን አወረዱህ። እኔ ይህን እያጠናሁ ሦስት ዓመት ስኖር ወንድሜን አላሰብኩም ነበር፤ አፍራለሁ።

ደግሞ አይጥ አይደለህም። አይጥ እናቱን መንገር አይችልም።

ሳጥኑን ልኬዋለሁ። የምታመጣው ሉሊት ናት፤ ከእኛ ቤት በስተጀርባ ያሉት የእነ ተካልኝ ልጅ፣ እዚህ ነርስነት የምትማረው። ባንተ እጅ እንዳትሰጥ፣ በእማዬ እጅ ብቻ እንድትሰጥ ላስምላት ብል፣ ጴንጤ መሐላ አይወድም ብላ «ቃሌ ነው» አለችኝ። እማዬ ትያዘው፤ በቀን አምስት ትስጥህ። ሦስት ሳምንት ቆይታ አራት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መርፌውን ግን ዛሬ ተወው።

ያልገባኝ አንድ ሒሳብ አለ። አንተ አምስት፣ እማዬ ሦስት፤ በቀን ስምንት። ሁለት መቶው በሃያ አምስት ቀን ማለቅ ነበረበት። ለምን አርባ ቀን ቆየ?

እህትህ ፈዲላ


ገርጂ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈዲላ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። «ለወይዘሪት» ብዬ የጻፍኩትን ከቻልሽ ቅደጂልኝ።

ሉሊት በመውሊድ ማግስት መጣች። ሳጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ከፊቴ አልፋ ሄደች፤ ታቦት የያዘች ነው የመሰለችው፣ ጴንጤ ሆና። እማዬ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉልበቷ ላይ አኖረችላትና «ከፈዲላ ነው፤ ለእርስዎ በእጅዎ» አለቻት። እማዬ ሳጥኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሉሊት ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። ለካስ ታውቃለች፤ አንቺ ነግረሻታል። አልተቀየምኩም።

ከዚያ መናገር የእኔ ተራ ሆነ። ከጣርማ በር ቁልቁለት ይልቅ ይህ ከበደኝ። «እማዬ፣ የጉንፋኑ ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። 

«ጉንፋን አይደለም» አለች።

«ከኪኒንሽ እየወሰድኩ ነው። በቀን አምስት። ከዓመት በላይ ሆነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ፈዲላ፣ የሻሿን ጫፍ ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ ሰባት ኪኒን አለ፤ ያንቺው፣ ነጩ። ሦስቱን በቀን ስሰጣት በመዳፏ ትቀበላለች፣ ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ውሃውን ትጠጣለች። ኪኒኑ በጣቶቿ መሃል ይቀራል። ዙሁር ልሰግድ መስጊድ ስወጣ ቋጠሮውን ፈትታ ሳጥኑ ውስጥ ትመልሰዋለች።

«በረካ አይደለም ልጄ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሒሳብሽ ገጠመልሽ? ከሁለተኛው ሳጥን ጀምሮ አንድም አልዋጠችም። ሳጥን በማይመጣበት ጊዜ ያኖረችውን እየቆጠበች ባዶው ካርቶን ሥር የምትወረውርልኝም እሷ ነበረች። ሰባቱ የተረፉት መርፌ መጀመሬን ስለጠረጠረች ነው፤ «ከዚያ ወዲያ ብሰጥህም አትፈልጋቸው ብዬ» አለችኝ።

«ወገብሽስ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ።»

ጮህኩባት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ!» አልኳት። ቋጠሮውን መልሳ አሰረችና «ደሴ መጠለያ ልወስድህ ስመጣ ጥግ ላይ ስትንቀጠቀጥ አገኘሁህ» አለችኝ። «ብርድ ነው አሉኝ። ብርድ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ ኪኒኑ ሲያልቅ እንደዚያው ስትንቀጠቀጥ አየሁህ። ደግሜ ላየው አልቻልኩም። የእኔ ወገብ ወገብ ነው።»

ለአራት ወር ደሴ መሆኔን ካንቺ ደብዳቤ በስተቀር ማንም አንስቶብኝ አያውቅም ነበር። በአንድ ወር ሁለታችሁም አነሳችሁት።

ያልሽውን ሁሉ አነበብኩላት፤ ፍሬኑንም፣ አይጦቹንም፣ እየሰጡ መቀነሱንም። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ወረቀት አምጣ፣ የምልህን ጻፍ፤ እንዳትቀንስ» አለችኝ። ቃሏ ይኸው፦

«ልጄ ፈዲላ፣ ለወንድምሽ መልካም ያደረግሁ መስሎኝ እሳቱ ላይ እንጨት ስጨምር ኖሬያለሁ። የእናት ነገር ነው። አሁን ግን ሳጥኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ዓብዱ ከአምስቱ አንድ ሲቀንስ እኔ አንድ እጨምራለሁ፤ ሦስት እስኪሞላልኝ። እሱ ካልቀነሰ እኔ አልውጥም። እንግዲህ የእናቱ ወገብ በእጁ ነው።»

እንዳትቀንስ ስላለችኝ አልቀነስኩም። ስጽፈው ግን ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጫለሁ።

ወንድምሽ ዓብዱ


ኡፕሳላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜና ለእማዬ፤

ደብዳቤያችሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከፈትኩት፤ ስህተት ነበር። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሰዎቹ ምን ሆንሽ አሉኝ። ሒሳቡ ገጠመ አልኳቸው።

እዚህ የሕመም መጠን ከአንድ እስከ አሥር ይጠየቃል። እኔ እናቴን ዓመት ሙሉ «እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ተባልኩ፤ ተሽሏታል ብዬ ተቀበልኩ። ሲያመንም ሲሻለንም የምንለው ይህንኑ መሆኑን የማላውቅ ይመስል! ያንተን ሰላምታ መርምሬ በሽታ አገኘሁበት፤ የሷን ሰላምታ ሳልመረምረው አለፍኩ። እጇን ሳምልኝ።

ውሏን ወድጄዋለሁ። የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም።

ላንተ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከፔዳሉ የተለየ አይጥ ሌላ ቤት ውስጥ ሲኖር ለወራት ዝም ይላል። ወደ ዱሮው ቤቱ ስንመልሰው ግን ፔዳሉ ባይኖርም እንኳ የነበረበትን ቦታ ይረግጣል። ስለዚህ ስትውጥ የነበርክበትን የጓሮ ክፍል ልቀቀው። አልጋህን ወደ እማዬ ክፍል አዙር። በላምበረትም አትለፍ፤ የግድ ካለፍክ ከሰው ጋር እለፍ። ሌላው ያየሁት ነገር ደግሞ የበለጠ ተስፋ ይሰጣል። ብቻቸውን ከሚኖሩት ይልቅ ከብጤዎቻቸው ጋር በሰፊ ቤት የሚኖሩት ፔዳሉን ይረሳሉ። ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ ግን።

ብትወድቅ ጻፍልኝ። ጉንፋን ብለህ ግን አትጻፍ።

እህትህ ፈዲላ


ገርጂ፣ ጥር 23 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈዲላ፤

እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ። ዘግይቻለሁ፤ ለመጻፍ ዜሮ እስክደርስ ልጠብቅ ብዬ ነው።

ስለ ጥቅምቱ ጠይቀሻል፤ እማዬ ለሉሊት እናት፣ እናቷ ለሉሊት፣ ሉሊት ላንቺ እንደነገረችሽ ገብቶኛል። እውነት ነው። ሁለት ላይ ደርሼ ነበር። ሃይደር የሚጠብቀኝ መስሎኝ ላምበረት ወረድኩ፤ እሱ ዘግይቶ ኖሯል። የድሬሰሩን አረንጓዴ መጋረጃ ሳይ እግሬ እኔን ሳይጠይቀኝ ዞረ። ወላሂ ሳይጠይቀኝ። ያ አይጥሽ ትዝ አለኝ፤ ፔዳሉ የነበረበትን ባዶ ቦታ የሚረግጠው። ትዝ እያለኝ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ነገርኳት። አልተቆጣችም። የዚያን ሳምንት ሦስተኛ ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝና ወደ ሳጥኑ መለሰችው። «ውል ውል ነው» አለች። አምስት ቀን ከመደቡ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ አየኋት። ከመርፌው ይልቅ እሱ ነው የወጋኝ። ከዚያ ወዲህ አላምበረትኩም፤ አዲስ ግስ ነው፣ ጻፊው።

ሃይደርን አንድ ቀን «አንተ ምን ሆነህ ነው ያልያዘህ?» አልኩት። የጀግንነት ታሪክ ጠብቄ ነበር። «ያስታውከኝ ነበራ!» አለኝ። «ደግሞ ሚስቴ ከእነ ልጆቿ፣ ከእነ እህቶቿ በየቀኑ አልጋዬ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ለመርፌው ቦታ አልነበረም።» እኔ ጋ እማዬ በወገቧ ምክንያት ሁለቴ ብቻ ነው የመጣችው። ማንንም አልወቅስም፤ ላንቺ ጥናት ይጠቅም እንደሁ ብዬ ነው። ከእሱ ጋር ሁለት ጊዜ አሰብ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ጎኑ ተቀምጬ። ጣርማ በር ላይ ዓይኔን አልጨፈንኩም። የሚመጣው ወር ሜዳው ላይ መሪውን ይሰጠኛል።

ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ ዜሮ ነኝ። በዚህ ረመዳን ከዓስር በኋላ አላዛጋሁም። አንድ ቀን አዛጋሁና እማዬ ደንግጣ አየችኝ፤ ለካ እንቅልፍ ነው። ምኞቱ ግን አልሞተም። ሳጥኑ ሲንኳኳ አንገቴ አሁንም ይዞራል። ይኑር፤ እኔም አለሁ።

አሁን ስለ እማዬ የጠየቅሽኝን የመጨረሻውን ልመልስ። በረመዳኑ ማለቂያ ሰሞን ነው፤ ሦስቱ ከሞላላት ሁለት ወር አልፎ ነበር። ከሰላት ስመለስ እማዬ ስትሰግድ ደረስኩ። ወንበሩ ጎኗ አለ፤ እሷ ግን ቆማ ነው። ወገቧን አጥፋ ሩኩዕ አደረገች። ልይዛት ብዬ ክራንቼን ረሳሁት። ቀስ ብላ፣ አንድ እጇን መሬት አስደግፋ ወረደች፤ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አኖረች። ሁለት ዓመት ያላገኘችው ሱጁድ ነው። ረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ፈራሁ። ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ገባኝ፤ በር ላይ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ።

ጨርሳ ስትቀመጥ «እማዬ ሕመሙ እንዴት ነው?» አልኳት። የምትለውን ስለማውቅ መልሷን ሳልጠብቅ ውሃ ልቀዳላት ዞርኩ።

«ግራ ጎኔን ትንሽ ያመኛል» አለች። «አልሐምዱሊላህ።»

ሁለቱን አንድ ላይ ስትል ሰምቼ አላውቅም። መስመር ላይ ጻፊው።

ወንድምሽ ዓብዱ